እንቁላሉ ሲፈለፈል

በ1929 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የሮቢ ወንዝ ደርቆ አሸዋና ጠጠር ብቻ ቀርቶ ነበር። ቀትር ላይ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ጣሊያኖቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ድንኳን ውስጥ ይተኛሉ። ለአዲሱ መንገድ ድንጋይ ሲፈልጡ የሚውሉት ሰዎችም ከካሚዮኖቹ ሥር ይጋደማሉ። በዚያ ሰዓት ብቻውን የሚዞር አንድ ሰው ነበር፤ ጀይላን።

ጀይላን የአሊዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ከአባቱ ግመሎች ጋር ወደ ባሕር ወረደ፤ ከዚያም በመርከብ ተሻግሮ እስክንድርያ ገባ። እዚያ አሥራ አራት ዓመት ተማረ። አባቱ መሞታቸውን የሚያረዳ ደብዳቤ ሲደርሰው ጓዙን ጠቅልሎ ተመለሰ። አገሩ ግን በጣሊያን እጅ ወድቆ ጠበቀው፤ የአባቱ ቤት ጣራም ወርዶ ነበር። ጣሊያንኛ ማወቁ በተሰማ በሳምንቱ የመንገዱ ኢንጂነር ለአስተርጓሚነት አስጠራው። እምቢ ልበል ወይስ እሺ እያለ ሲያመነታ ሦስት ሳምንት ሠራ።

ድንጋይ ፈላጮቹ «የጣሊያን አፍ» አሉት። አማርኛው ውስጥ ዓረብኛ ጣልቃ ስለሚገባበት ገበያ ላይ ደግሞ «ዓረቡ» ሆነ። በስሙ የሚጠሩት የእናቱ ወንድም አብዱልሀኪም ብቻ ነበሩ። እሳቸውም ቢሆኑ ዕድሜያቸውን በሙሉ ግመል ሲነዱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ቃል አያበዙም። ጀይላን እስክንድርያ ሳለ የትውልድ አገሩን ይፋትን ያልም ነበር። ይፋት ከገባ ወዲህ ግን የሚያልመው ቦታ አጣ።

ያን ቀን ቀትር ላይ፣ ከወንዙ ዳር ካለ ቁጥቋጦ ሥር፣ አንዲት ትልቅ ኤሊ አየ። የጀርባዋ ድንጋይ ቢጫና ጥቁር፣ እንደ ነብር ቆዳ ዥጉርጉር ነው። ከኋላ በኩል ጠርዙ ላይ ጅብ የነከሰው የሚመስል ጎደሎ አለ። ተማሪ ቤት ሳለ መምህሩ የኤሊ አፅም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ያስተማረው ትዝ አለው። ሆዱ ጎድጎድ ያለ ወንድ ነው፤ ለጥ ያለ ሴት ናት። በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ ገለበጣት። ወዲያው ለብ ያለ ውሃ ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

«አስቀምጣት።»

ቀና ሲል ሁለት እንስራ የተጫነች አህያ የምትነዳ ልጅ ከአሸዋው ላይ ቆማ አየ። ሻሿ በላብ ርሶ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል።

«አስቀምጣት እኮ ነው የምልህ። ቀስ ብለህ።»

አስቀመጣት።

«ምን አድርጋህ ነው?»

«ምንም። ሴት መሆኗን ልይ ብዬ ነው።»

«በእናንተ አገር ሴት መሆኗ የሚታወቀው ተገልብጣ ነው?»

ጀይላን ሳቀ። ልጅቷ አልሳቀችም። ወደ ኤሊዋ ተጠግታ ቁጢጥ አለችና አሸዋው ላይ የቀረውን እርጥብ ነገር በጣቷ ነካችው።

«ሽንት ብቻ እንዳይመስልህ። የዓመት ውሃዋ ነው። በክረምት ጠጥታ ሆዷ ውስጥ አስቀምጣ፣ በጋውን በሙሉ በሱ ነው የምትወጣው። ስትደነግጥ ትለቀዋለች። አሁን ሐምሌ እስኪገባ በምን ትደርሳለች?»

ይህን መምህሩ አልነገረውም። ወይም የነገረው ዕለት ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። ሸሚዙ ፀሐዩ ላይ እየደረቀ፣ አንገቱን እንደ ደፋ፣ ምን እንደሚሻል ጠየቃት።

«ምን ይሻላል ብሎ ነገር አለ? ውሃ ታመጣላታለህ። ያፈሰስከው አንተ ነህ።»

ከእንስራዋ በቅል ቀዳችና እዚያው አጠገብ ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጎድጓዳ ላይ አፈሰሰች። ኤሊዋ ብዙ ቆይታ አንገቷን አወጣች፤ አፍንጫዋን ውሃው ውስጥ ነክራ ጉሮሮዋ እየተነፋ እየሟሸሸ ጠጣች።

«የዛሬው ከኔ ነው» አለች ልጅቷ አህያዋን እየነዳች። «ከነገ ጀምሮ አንተ ታውቃለህ።»

ስሟ ጣይባ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ በቆሎና ማሽላ የሚያርሱት የጋሽ አሊዪ ልጅ። እናቷ የሞተችው እሷ ጡት ሳትጥል ነው።

ጀይላን በማግስቱ ኮዳውን ሞልቶ መጣ። ከዚያም በየቀኑ። ጣይባም ከጉድጓድ ስትመለስ ያመጣ እንደሆነ ለማየት ጎራ ትላለች። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ቆማ አይታ ትሄድ ነበር። በሳምንቱ አህያዋን ከድንጋዩ አጠገብ ባለው ግራር ጥላ ሥር ማቆም ጀመረች። ከዚያ በኋላ እሷም ተቀመጠች፤ እሱ ከድንጋዩ ወዲህ፣ እሷ ከድንጋዩ ወዲያ፣ ኤሊዋ መሐል።

«ቤቷን ተሸክማ ትዞራለች» አለችው አንድ ቀን። «እንዳንተ። ያንተ ሻንጣ ነው፣ የሷ ድንጋይ።»

«ቤቷ እኮ አይደለም» አለ። «ጀርባዋ ነው። የጎድን አጥንቷና አከርካሪዋ ሰፍቶ፣ ገጥሞ ነው እንዲህ የሆነው። ወጥታ ልሂድ ብትል አትችልም። ሲነኳትም ይሰማታል።»

በጣቱ ጫፍ ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረጋት። ኤሊዋ አንገቷን ሰበሰበች። ጣይባ ድንጋይዋ ላይ አሳርፋ የነበረውን እጇን አነሳች።

«ይሰማታል?»

«ይሰማታል።»

«ልጅ ሆኜ ቆሜባታለሁ» አለች። «ቤት መስሎኝ።»

ያን ቀን ሌላ ነገር አላወሩም። ጀይላን ግን እስክንድርያ ውስጥ በአሥራ አራት ዓመት ካሳለፋቸው ቀትሮች ሁሉ ያቺ ቀትር ረዘመችበት፤ እንድታልቅም አልፈለገም።

እሱ የተማረውን ይነግራታል፤ እሷ ያየችውን ትነግረዋለች። የኤሊ ጀርባ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቅርፊት በየዓመቱ አንድ ዙር መስመር እንደሚጨምር አሳያት። ዝናቡ ሲሠምር መስመሩ ይሰፋል፤ ሲከፋ ይጠብባል። ያረጀች ከሆነች ግን መስመሩ ተፍቆ ለስላሳ ይሆናል፤ ይህችም እንዲያ ሆናለች። ሴቷ ወንዱን አንዴ ካገኘች፣ ለዓመታት ባታየው እንኳ ልጅ የሚሆን እንቁላል ልትጥል እንደምትችል ሲነግራት ዓይኑን ከውሃው ላይ አላነሳም። ጣይባም ሻሿን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ «አላህ ያውቅበታል» ብላ ብቻ አለፈችው። በዚህ ዳርቻ ወንድ ኤሊ ካየች ግን ቆይታለች።

እሷም በተራዋ የአባቷን ነገር አጫወተችው። ጋሽ አሊዪ ከስምንት ዓመት በፊት ይህችኑ ኤሊ የበቆሎ ቡቃያ ፈጀችብኝ ብለው በስልቻ ከተው፣ ግማሽ ቀን መንገድ ወስደው ከአንድ ገደል ማዶ ጥለዋት ነበር። በሁለተኛው ክረምት ተመልሳ መጣች። ያ ጠርዟ ላይ ያለው ጎደሎ ነው ያስታወቃት። አባቷ ከዚያ ወዲህ ሲያዩዋት «እሜቴ፣ ደህና አደሩ?» ይሏታል።

«አንተስ?» አለችው። «ስንት ክረምት ፈጀብህ ለመመለስ?»

«አሥራ አራት።»

«በሁለት እግርህ አሥራ አራት። በእነዚህ እግሮች እሷ ሁለት።»

ሐምሌ ገባ። ሰማዩ ተከፈተና ሮቢ ደፍርሶ ሞላ። የጠፍጣፋው ድንጋይ ጎድጓዳም ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ጀይላን በካፖርት ተጠቅልሎ ቆሞ ሲያየው፣ ጣይባ በወንዙ ዳር በጭቃ እየተንሸራተተች መጣች። አህያ የለም፤ እንስራም የለም።

«ከእንግዲህ ውሃ አያሻትም» አለ።

«አያሻትም።»

ሁለቱም ቆሙ። ዝናቡ ግራሩ ላይ ይወርዳል። በማግስቱም ሁለቱም መጡ።

በመስከረም ሃያ፣ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ፣ ኤሊዋ ከድንጋዩ አሥር እርምጃ ራቅ ብላ በኋላ እግሮቿ መቆፈር ጀመረች። ራሷን አታዞርም፤ አንዱ እግር አፈር ሲያወጣ ሌላው ይጠብቃል። አፈሩ ሲጠነክርባት ከሆዷ ውሃ እየለቀቀች ታረጥበዋለች። ጣይባና ጀይላን ግራሩ ሥር ተቀምጠው ተመለከቱ። የምትጥለው ነጭ፣ ድቡልቡል እንቁላል ነው። አሥራ አንድ ቆጠሩ። ስትጨርስ አፈሩን መለሰች፤ ሰውነቷን ከፍ እያደረገች በሆዷ ደጋግማ ደለደለችው። ከዚያ ወደ ማሽላው አቅጣጫ ሄደች።

«ትታቸው ሄደች» አለ ጀይላን። «አትመለስም እኮ። ሲወጡም አታያቸውም።»

«አልተወቻቸውም። አፈሩን አምናው ነው።»

ዞር ብሎ አያት። ድምፅዋ ውስጥ ያለው ነገር ስለ ኤሊ ብቻ አልነበረም፤ እናቷም ነበረችበት። እጁን ዘርግቶ ሻሿ ላይ የወደቀ የግራር ቅጠል አነሳላት። አልሸሸችም።

በሳምንቱ አጎቱን አብዱልሀኪምን ወደ ጋሽ አሊዪ ላካቸው።

በዚያ አገር ሽማግሌ ከተላከ በኋላ፣ ነገሩ እስኪቆረጥ ድረስ፣ ልጅቷ ከላኪው ጋር አትታይም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጣይባ ወደ ጉድጓድ የምትሄድበትን መንገድ ለወጠች። ጀይላን ይህን ያውቅ ነበር። ማወቁ ግን ቀትሮቹን አላሳጠረለትም።

አብዱልሀኪም ሲመለሱ በቅሏቸውን ካሰሩ በኋላ ነው የተናገሩት።

«ተቀብሎ አስተናገደኝ። ምሳም በላሁ።»

«ምን አሉ፣ አጎቴ?»

«እንቁላሉ ሲፈለፈል ይምጣ አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይበል? ልጅቷ ነግራዋለች ስለ ኤሊዋ። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ዱዓ አድርገን ተለያየን።» ሽማግሌው ለበቅሏቸው ገለባ መጣል ጀመሩ። «አንተ ብቻ እዚህ ሁን።»

ጀይላን ደስታው አላስቀመጠው። መምህሩ ያስተማረው በደንብ ትዝ ይለዋል፤ የኤሊ እንቁላል በሦስት ወር ይፈለፈላል። ደብተሩን አውጥቶ ታኅሣሥ ሃያን ምልክት አደረገበት። ከዚያ በየቀኑ አንድ ጭረት ይጨምራል። ምግብ የሚያቀርቡለት የመንገዱ ዳር ዳቦ ሻጭ እትዬ አሰገደች «ዓረቡ ዘንድሮ ብቻውን ይስቃል» አሉ። ድንጋይ ፈላጮቹ ሲሰድቡት እንኳ አይሰማውም ነበር።

ታኅሣሥ ሃያ ደረሰ። አፈሩ ደርቆ እንደ ሸክላ ሆኗል። ምንም የለም። በሃያ አምስትም የለም። በሠላሳም የለም።

እዚያ ደረቅ አፈር አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሳለ አንድ የቆየ ነገር መጣበት። ሰባት ወይም ስምንት ዓመቱ ነበር። የአባቱን እህት መሊካን ከላይ አገር የመጣ አንድ ነጋዴ ሽማግሌ ልኮ ጠየቀ። ቤተሰቡ ሽማግሌውን በክብር አስተናገዱና «ግመሎቹ ከባሕር ሲመለሱ ይምጣ» አሉት። ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ጀይላን ግመሎቹ በሚቀጥለው ወር ይመለሱ የለም ወይ ብሎ አክስቱን ሲጠይቃት ጉንጩን ቆንጥጣ ነበር የመለሰችለት፦ «አይሆንም ማለት ነው፣ የኔ ጌታ። እዚህ አገር ለሽማግሌ አይሆንም አይባልም። ቀን ይሰጠዋል።»

ቀን ይሰጠዋል። ጋሽ አሊዪ ስቀው ነበር። በዚህ ዳርቻ ወንድ ኤሊ እንዳልታየም ልጃቸው ታውቃለች። የማይፈለፈል እንቁላል! ለጣሊያን አፍ ልጅ የሚሰጥ ሰው የት ተገኝቶ። አጎቱን ሊጠይቅ አሰበ፤ አብዱልሀኪም ግን በዚያ ሰሞን አሊዩ አምባ ወርደው ነበር። ቢኖሩም አይጠይቃቸውም ነበር ይሆናል። ሁለቴ እምቢ መባል አለና።

አፈሩን በስለት ፈልፍሎ ቆፈረ። ክንዱ እስኪገባ ድረስ ቆፍሮ ከላይ ያለውን እንቁላል አወጣ። ቀዝቃዛ ነው። በስለቱ ጫፍ ሲበሳው ቢጫ ውሃ ጣቱ ላይ ፈሰሰ። ልጅ የሚመስል ነገር የለበትም። ትንሽ ሽታ አለው። ወይም ያለው መሰለው።

ቅርፊቱን ወደ ወንዙ አሸዋ ጣለው። አፈሩን መልሶ በጫማው ረገጠና ሄደ።

በጥር መጀመሪያ ኢንጂነሩ ሠፈሩ ወደ ደሴ እንደሚዛወር ነገረው። ልምጣ አትምጣ አላለውም፤ ካሚዮኑ በጠዋት ይነሳል ብቻ አለ። ጀይላንም ተሳፈረ። ከከተማው ጥቂት ወጣ እንዳሉ ጣይባን አያት። አህያዋን መንገዱ ዳር አቁማ አቧራው እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ከመኪናው ላይ ሲያያት እሷም አየችው፤ ወዲያው ፊቷን ወደ አህያዋ መለሰች። ሽማግሌ የተላከባት ልጅ ሌላ ምን ታደርጋለች? እሱ ግን የመጨረሻውን መልስ ያገኘ መሰለው። ሻንጣውን ጭኖቹ መሐል አጥብቆ ያዘ።

ከደሴ አሥመራ ተላከ። አሥመራ በአንድ ሆስፒታል የበሽተኞችን ሕመም ከአማርኛ ወደ ጣሊያንኛ ሲያዞር ኖረ። የሰው ሁሉ ሥቃይ በአፉ ያልፋል፤ የራሱን የሚነግረው ሰው የለም። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። በ1933 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ የጦርነቱ መድፍ ከከረን በኩል በሚያስተጋባበት ሰሞን፣ አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ሐኪም ዕቃቸውን ሲጠቅሉ መጻሕፍታቸውን እንዲያስርላቸው ጠየቁት። አንዱ ስለ አፍሪካ አውሬዎች ነበር። ሳያስበው ገለጠው። ዥጉርጉሯ ኤሊ ሥዕሏ አለ። ከሥዕሉ ሥር ያለውን ቆሞ አነበበ፤ የዚህች ኤሊ እንቁላል መሬት ውስጥ ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ወር ይቆያል። ለብዙ ጊዜ ሳያድግ ያንቀላፋል። ጫጩቶቹ ቢፈለፈሉ እንኳ ዝናብ መጥቶ አፈሩ እስኪለሰልስ ድረስ ከሥሩ ይጠብቃሉ።

መምህሩ ያስተማረው ስለ ባሕሩ ዳር አገር ትንሿ ኤሊ ነበር። ይህችን አላወቃትም። ይፋት ውስጥ ግን ይህን የማያውቅ አራሽ የለም። በመስከረም የተቀበረ በሐምሌ ይወጣል። ጋሽ አሊዪ አንድ ዓመት እዚህ ሁንና ልይህ ነበር ያሉት። የነጋዴ ልጅ ነውና፣ መጪና ሂያጅ ነውና። አጎቱም «አንተ ብቻ እዚህ ሁን» ብለውት ነበር።

መጽሐፉን ዘጋው። የሐኪሙን መጻሕፍት አስሮ ሲጨርስ የራሱን ሻንጣ ማሰር ጀመረ።

መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቶ ስለ ነበር ሸዋ ሮቢት የደረሰው ሐምሌ ላይ ነው። ከካራቆሬ በእግሩ በዝናብ ነው የመጣው። ጣሊያኖቹ የሉም፤ የድንኳናቸው ካስማ የተተከለበት ቦታ ሣር በቅሎበታል። አጎቱ ቤት እንኳ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ወንዙ ሄደ።

ጣይባ እዚያ ነበረች። ጠፍጣፋው ድንጋይ አጠገብ ቆማ ወንዙን ታያለች። ዞር ስትል መጀመሪያ ዓይኗን አየ፤ ከዚያ የለበሰችውን ጥቁር ሻሽ፤ ከዚያ ገፋ ያለ ሆዷን።

«ደህና ነህ፣ ጀይላን?» አለችው። በስሙ ከተጠራ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

«አልሐምዱሊላህ። አንቺ ደህና ነሽ?»

«የአባቴ ሰደቃ ነው የዛሬው። ዓመቱ ነው። ከካራቆሬ ትላንት መጣን።»

መጣን ማለቷን ሰማ። ዝናቡ ማንጠባጠብ ጀምሯል። ስለ ጋሽ አሊዪ ማዘኑን ነገራት፤ አመሰገነችው።

በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ሐምሌ፣ በሦስተኛው ዝናብ፣ ጫጩቶቹ እንደ ወጡ ነገረችው። አፈሩ ሲያብጥ ያየችው እሷ ናት። አባቷ ራሳቸው መጥተው ቆመው አይተዋል። «በሉ ጥሩት፤ ቃል ቃል ነው» አሉ። አብዱልሀኪም አንዲቱን ጫጩት ለምልክት በቅል ይዘው በበቅሎ ደሴ ድረስ ሄዱ። ደሴ ላይ ወደ አሥመራ ሄዷል አሏቸው። ጫጩቷን መልሰው አመጧት።

«አሥር ናቸው የወጡት» አለች። «አሥራ አንድ ነበሩ።»

ጀይላን አንገቱን ደፋ። «አንዱ የጎደለው በኔ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«አንተ የሄድክ ዕለት መጥቼ አየሁ። አፈሩ ላይ የጫማህ ተረከዝ ነበር። የኛ ሰው እንዲያ ያለ ጫማ የለውም።» ድምፅዋ አልጨከነም። «ለአባቴ አልነገርኩትም። ቅርፊቱን አንስቼ ቀበርኩት።»

ከቁጥቋጦው ሥር አንዲት ትንሽ ኤሊ ወጥታ ወደ ድንጋዩ ጎድጓዳ መጣች፤ የሁለት መዳፍ ያህል ናት። ጀርባዋ ላይ ያለው ቢጫ ገና ያበራል። ጀይላን ሳያስበው ጎንበስ አለ።

«አታንሳት።»

እጁን ሰበሰበ።

«ደሴ ደርሳ የመጣችው እሷ ናት» አለች ጣይባ። አጠገቧ ቁጢጥ አለች፤ ሆዷ እንዳይጨነቅ አንድ እጇን መሬት ላይ ደግፋ። «ቁጠር። አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

ጀርባዋ መሐል ካለው ቅርፊት ላይ፣ ሳይነካት፣ በዓይኑ ቆጠረ። አንድ ሰፊ ዙር። ሁለተኛ ሰፊ ዙር። ሦስተኛው ጠበብ ይላል።

«ሦስት» አለ።

«ሁለቱን ጠብቄሃለሁ።» በጣቷ ሁለቱን መስመሮች፣ ሳታስነካ፣ በአየር ላይ አሳየችው። «በሁለተኛው መጨረሻ አባቴ ሞተ። ብቻዬን ነበርኩ። እህሉን የሚያጭድ የለ፤ ሰዉ ምን ይላል አለ። በጥር ካራቆሬ ሄድኩ። ሦስተኛው ያንተ አይደለም።»

በጥር። መጽሐፉን የገለጠበት ወር ነበር። አልነገራትም። ቢነግራት ለማን ይጠቅማል?

«ጥሩ ሰው ነው?» አለ።

«ጥሩ ሰው ነው። ሲጠራጠር ይጠይቃል።»

ከመንገዱ በኩል ወንድ ድምፅ ስሟን ጠራ። ተነሣች፤ የጉልበቷን ጭቃ አራገፈች። ጥቂት እርምጃ ሄዳ ቆመች።

«አሁንስ ትሄዳለህ?»

«አልሄድም።»

ፈገግ አለች። በዚያች በመጀመሪያዋ ቀትር ሳቁን ስትነፍገው አይቷት ነበር፤ አሁን ስትሰጠው ምን ያህል እንደ ዘገየ ገባው። ሻሿን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ ወደ መንገዱ ወጣች። ዞር አላለችም።

ጀይላን ያን ዓመት እዚያው ከረመ። ከዚያም ሌላውን። አጎቱ ሲሞቱ በቅሏቸውን ወረሰ፤ ከወንዙ ማዶ ቁራሽ መሬት ገዝቶ ሽንኩርትና ማሽላ አበቀለ። ለሰው ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ «ዓረቡ» የሚለው ስም ከሚጠሩት ሰዎች ጋር አርጅቶ ቀረ። ትዳር ይያዝልህ ብለው የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። በክብር አስተናግዶ ቀን ሰጣቸው።

ትልቋ ኤሊ አንድ ክረምት ሳትታይ ቀረች። ትንሿ ግን አደገች፤ ቢጫዋ ደበዘዘ፤ የጀርባዋ መስመሮችም በድንጋይና በእሾህ እየተፋቁ ለሰለሱ። ዛሬ ማንም ቢቆጥር አይገጥምለትም። ጀይላን ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የት እንደ ነበሩ ያውቃል።

ግንቦት ላይ፣ ቀትር ሲሆን፣ ከተማው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ ኮዳውን ሞልቶ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ውሃውን የጠፍጣፋው ድንጋይ ጎድጓዳ ላይ ያፈስና ከድንጋዩ ወዲህ ይቀመጣል። ከድንጋዩ ወዲያ ያለውን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ኤሊዋ ቶሎ አትመጣም። እሱም አይቸኩልም።